ለክሬን መንገዱን ማን ያሳያታል?

(ባሕር ዳር ላይ ለወጣቶች ካደረግኩት ንግግር የተጻፈ። ከቀረጻው ላይ ነው ያወረድኩት፣ በጣም የተዘባረቀውን ብቻ ነው ያስተካከልኩት።)

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ስንት የሚሠራ ነገር እያለ ስለ ወፍ ለመስማት ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ የማወራው ስለ ክሬን ነው፣ እዚህ አካባቢ ያደገ ሰው ወፏን ያውቃታል፣ ዝናቡ አልቆ ማሳው መታጨድ ሲጀምር ፎገራና ደንቢያ ሜዳ ላይ በመንጋ እየጮኸች የምትወርደዋ ግራጫዋ፣ አንገቷም እግሯም ረጅም የሆነችው። እኔ ተመራማሪ አይደለሁም፣ ወፍ ለማየት የሚመጡ ሰዎችን ነው የማስጎበኘው፣ ግን በዚህ ሥራ ስትቆይ ከተመራማሪ ጋር ጭቃ ውስጥ መቆምህ አይቀርም፣ እና እነሱ እርስ በርስ ሲከራከሩ እየሰማህ ከመጽሐፍ የማታገኘውን ትማራለህ።

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ግንቦት ላይ ፊንላንድ ወይም ራሺያ ረግረግ ውስጥ የተፈለፈለች ጫጩት ኅዳር ላይ ጣና ዳር ቆማ ሽንብራ ትለቅማለች። መንገዱን ማን ነገራት?

"በተፈጥሮዋ ታውቀዋለች" የሚል ሰው ይበዛል፣ አሁንም ከኋላ ሰምቻለሁ። ለብዙ ወፍ እውነት ነው። ኩኩ የምትባለው የአውሮፓ ወፍ ለምሳሌ እናት አባቷን አይታ አታውቅም፣ በሌላ ወፍ ጎጆ ነው የምታድገው፣ ጊዜው ሲደርስ ግን ለብቻዋ ተነስታ አፍሪካ ትገባለች። ክሬን ግን እንደዛ አይደለችም። ክሬን መንገዱን የምታውቀው በመጀመሪያው ዓመቷ ከእናትና አባቷ ጋር አብራ በርራ ነው። ያ ጉዞ ካመለጣት ክንፍ አላት፣ ጉልበት አላት፣ ወቅቱ ሲደርስ የመሄድ ፍላጎትም ይመጣባታል፣ ግን ወዴት? እሱን የሚነግራት የለም። ተመራማሪዎቹ ይሄን ነገር በደንብ ለመረዳት ሃምሳ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ፈጅቶባቸዋል፣ ብዙ ወፍም ከፍለውበታል፣ የዛሬው ወሬዬ እሱ ነው።

ታሪኩን ከአሜሪካ ልጀምር፣ ምክንያቱም ይሄ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚሄደው ነገር ሲቋረጥ ምን እንደሚመጣ ቁልጭ ብሎ የታየው እዛ ነው። ሁፒንግ ክሬን የምትባል አለች፣ ነጭ፣ የክንፏ ጫፍ ጥቁር፣ አናቷ ላይ ቀይ ያለባት፣ ስትቆም 1.5 ሜትር ገደማ ትሆናለች፣ በቁመት ከሰሜን አሜሪካ ወፎች ሁሉ አንደኛ ናት። ረግረጉ እየተንጣፈፈ እርሻ ሆነ፣ አዳኙ ተኮሰ፣ እንቁላል ሰብሳቢው እንቁላሏን ወሰደ፣ 1941 ላይ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው) በዱር የቀሩት 22 ገደማ ብቻ ነበሩ። ከነዚህ ውስጥ ሉዊዚያና ያሉት ጥቂቶች የማይፈልሱ ነበሩ፣ እነሱም ቆይተው ጠፉ። ስለዚህ ከቴክሳስ ባሕር ዳርቻ እስከ ሰሜን ካናዳ የሚወስደውን 4,000 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ የሚያውቁት በዓለም ላይ 15 ገደማ ወፎች ናቸው፣ በቃ።

ሰውስ? ሰው ራሱ መንገዱን አያውቀውም ነበር እኮ! የብርዱን ወራት ቴክሳስ አራንሳስ የሚባል ቦታ እንደሚያሳልፉ ይታወቃል፣ ቦታውም በ1937 ተከልሎ ጥብቅ ሆኗል፣ ግን በፀደይ ተነስተው ወደ ሰሜን ሲጠፉ የት እንደሚገቡ፣ የት እንቁላል እንደሚጥሉ ማንም አያውቅም። አውዱቦን የሚባለው የአሜሪካ የወፍ ጥበቃ ማኅበር ሰው የነበረው ሮበርት ፖርተር አለን ለዓመታት የካናዳን ሰሜን በአውሮፕላንም በእግርም ሲያስስ ኖረ፣ ምንም የለም። ከዛ 1954 ላይ ዉድ ቡፋሎ በሚባለው ብሔራዊ ፓርክ ሰደድ እሳት ይነሳል፣ እሳቱን ለማየት የሄዱ ሰዎች በሄሊኮፕተር ሲያልፉ ከታች ረግረጉ ውስጥ ነጫጭ ወፎች ከነጫጩታቸው አዩ። ፍለጋው እንዲህ አለቀ። እኔን ሁሌ የሚያስቀኝ ፓርኩ በ1922 ለጎሽ ተብሎ የተከለለ መሆኑ ነው፣ ክሬኖቹ ማንም ሳያውቅላቸው ከዛ ጀምሮ ጥበቃ ውስጥ ነበሩ ማለት ነው። አለን በዓመቱ በእግሩ ገብቶ ጎጆውን አየ።

አሁን ሁለቱም ጫፍ ታወቀ። ቀጥሎ ያለው ሐሳብ ቀላል ይመስላል፦ ክሬን ሁለት እንቁላል ትጥላለች፣ ብዙ ጊዜ የምታሳድገው ግን አንዱን ነው። እንግዲያው አንዱን ብንወስድስ? ከ1967 ጀምሮ ከዉድ ቡፋሎ ጎጆዎች አንድ አንድ እንቁላል እየተነሳ ሜሪላንድ ፓተክሰንት የምርምር ማዕከል ይላክ ጀመር። ዲሲ አካባቢ ዘመድ ያላችሁ ሎሬል የምትባለዋን ከተማ ታውቋት ይሆናል፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም አትርቅም፣ የሁፒንግ ክሬን ጫጩት ለረጅም ዓመታት ያደገው እዛ ነው። ሐሳቡ ሠራ፣ ዱር ያሉት ምንም አልጎደለባቸውም፣ በግቢ ያሉት ተባዙ። ግን በግቢ ያደገ ወፍ መንገድ አያውቅም። እሱን ምን እናድርገው?

የመጀመሪያው መልስ በጣም ብልጥ ነበር፣ እኔ ብሆን እኔም ይሄንኑ ነበር የማደርገው። አይዳሆ ውስጥ ግሬስ ሌክ የሚባል ረግረግ አለ፣ እዛ ሳንድሂል ክሬን የምትባል ሌላ ዓይነት፣ ቁጥሯ ብዙ የሆነች ክሬን ትራባለች። ከ1975 ጀምሮ የሁፒንግ ክሬንን እንቁላል በሳንድሂል ጎጆ ውስጥ አስቀመጡ። ሳንድሂሎቹ ሳያንገራግሩ ታቀፉት፣ ፈለፈሉት፣ አሳደጉት፣ መኸር ላይ ይዘውት ወደ ኒው ሜክሲኮ ወረዱ፣ በፀደይ መለሱት። መንገዱን ተማሩ! ሁሉም ሰው ደስ አለው። ዓመታት አለፉና ነጮቹ ወፎች ለአቅመ መውለድ ደረሱ፣ እና... ምንም። አንድም ጥንድ አልሆኑም። ለካ ነጮቹ ያዩት፣ የሚያውቁት፣ የሚያምራቸው ግራጫውን ሳንድሂል ነው፣ የራሳቸውን ዘር ሲያዩ ዞር ብለው አያዩትም። ከ200 በላይ እንቁላል ገብቶበት ፕሮግራሙ በሰማንያዎቹ መጨረሻ ቆመ፣ ወፎቹም አንድ በአንድ አልቀው ጠፉ። ክሬን ከወላጇ የምትማረው መንገድ ብቻ አይደለም፣ ማን እንደሆነችም እዛው ነው የምትማረው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፣ ለማመን ይከብዳል ግን እውነት ነው። ቴክስ የምትባል ሴት ሁፒንግ ክሬን ሳን አንቶኒዮ የእንስሳት ማቆያ ውስጥ ተፈልፍላ በሰው እጅ አደገች። ስለዚህ ባል የምትፈልገው ከሰው ነው። ወንድ ክሬን ስታመጣላት አታየውም። ጆርጅ አርቺባልድ የሚባል ካናዳዊ ወጣት አለ፣ 1973 ላይ ከጓደኛው ከሮን ሳውይ ጋር ሆኖ ዊስኮንሲን ባራቡ ውስጥ በሳውይ ቤተሰብ የፈረስ እርሻ ላይ ዓለም አቀፍ የክሬን ፋውንዴሽንን ያቋቋመ፣ ዛሬ በክሬን ዓለም ውስጥ የእሱን ስም የማያውቅ የለም። አርቺባልድ ምን አደረገ፣ ቴክስን ወሰዳትና ከ1976 ጀምሮ እንደ ባል ሆነላት። ክሬኖች ከመጣመራቸው በፊት ይጨፍራሉ፣ ይዘላሉ፣ ክንፋቸውን ይዘረጋሉ፣ ሣር ነቅለው ወደ ላይ ይወረውራሉ። እሱም ሜዳ ላይ አብሯት ሲዘል፣ እጁን ሲዘረጋ፣ ጎጆ ስትሠራ ሣር ሲያቀብላት ከረመ። እሷ ስትሞቅለት እንቁላል ትጥላለች፣ ዘሩ በሰው ሠራሽ ዘዴ ይገባላታል። ከብዙ ያልተሳካ ዓመት በኋላ 1982 ላይ አንድ ጫጩት ተፈለፈለ፣ ጂ ዊዝ ብለው ጠሩት። ቴክስን እዛው ዓመት ራኩን የሚባል አውሬ ሌሊት ገብቶ ገደላት። ጂ ዊዝ ግን 38 ዓመት ኖሮ 2021 ላይ ነው የሞተው፣ ልጅና የልጅ ልጅ አፍርቶ።

እና ሰዎቹ ከዚህ ሁሉ ምን ያዙ? ጫጩቷ ሰው ማየት የለባትም፣ የሰው ድምፅ መስማት የለባትም፣ ሌላ ዓይነት ወፍም እናት ሊሆናት አይገባም። ስለዚህ አሳዳጊው ከራስ እስከ እግሩ ነጭ ልብስ ይለብሳል፣ ፊቱ ይሸፈናል፣ በአንድ እጁ ላይ የክሬን ጭንቅላት ያለው አሻንጉሊት ይገባበታል፣ በዛ አሻንጉሊት አፍ ነው ትል እያነሳ የሚያጎርሳቸው። ወሬ የለም፣ ሳል እንኳን ይታፈናል። ይሄ ሁሉ ሆኖ መንገዱ ግን አሁንም የለም።

እዚህ ላይ ነው ቢል ሊሽማን የሚገባው፣ ካናዳዊ ቀራፂ ነው፣ ሳይንቲስት አይደለም፣ በትንሽ አልትራላይት አውሮፕላን ዝይዎችን አስከትሎ መብረር የቻለ ሰው፣ 1993 ላይ ከጆ ዳፍ ጋር ሆኖ ዝይዎቹን ከኦንታሪዮ ቨርጂኒያ አደረሳቸው። ለዝይ ከሠራ ለክሬን ለምን አይሠራም ተባለና ኦፕሬሽን ማይግሬሽን የሚባለው ነገር መጣ። እንቁላሉ ገና ሳይፈለፈል የአውሮፕላኑን ሞተር ድምፅ ይሰማል። ጫጩቱ ሲቆም አውሮፕላኑ መሬት ላይ እየዞረ ነጭ ለባሹ ከውስጥ በአሻንጉሊቱ ትል ይጥልለታል፣ ጫጩቱ ከኋላ ይሮጣል። ክንፍ ሲያወጣ አውሮፕላኑ ይነሳል፣ እሱም ይነሳል። 2001 ላይ በኦክቶበር ከዊስኮንሲን ነሲዳ ተነስተው ንፋስ ሲያስቸግር እየቆሙ፣ ማታ ማታ በየገበሬው ማሳ ላይ በተተከለ አጥር ውስጥ እያደሩ፣ ወደ 2,000 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን ተጉዘው 7 ጫጩቶች በዲሴምበር ፍሎሪዳ ገቡ። በብርዱ ወራት ሁለቱን ቦብካት የምትባል የዱር ድመት በላቻቸው። የቀሩት 5ቱ ግን በፀደይ አውሮፕላን የለ፣ ነጭ ለባሽ የለ፣ ራሳቸው ተነስተው ዊስኮንሲን ተመለሱ። መንገዱን ያዩት አንዴ ብቻ ነው፣ ያውም በአንድ አቅጣጫ ብቻ። እኔ ይሄን ስሰማ ሁሌ እገረማለሁ፣ ሰው ያስተማራቸው መሄጃውን ነው፣ መመለሻውን ራሳቸው አወጡት።

መቼም ያለ ችግር አልሆነም። 2007 ፌብሩዋሪ ላይ ፍሎሪዳ ውስጥ ሌሊት ማዕበል መጥቶ አጥር ውስጥ ከነበሩት 18 ወጣቶች 17ቱን ገደለ። ደግሞ ነሲዳ ላይ ጎጆ ሠርተው እንቁላል ሲጥሉ ጥቁር ዝንብ እየወረራቸው ጥለው ይነሳሉ፣ ይቺ ዝንብ እዚህ ጅማና ከፋ በኩል ኦንኮ የሚባለውን የቆዳና የዓይን በሽታ ከምታስተላልፈው ዝንብ ጋር አንድ ቤተሰብ ናት፣ ስለዚህ ስንት እንደምታሰቃይ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ያም ሆኖ 2006 ላይ ጫጩት ፈለፈሉ፣ በዊስኮንሲን አካባቢ ዱር ከመቶ ዓመት በላይ ያልታየ ነገር። ግን ጫጩቶቻቸውን የሚያሳድጉት ጥቂት ሆኑ፣ በነጭ ለባሽ ያደገ ወፍ ወላጅነት ላይ ይደክማል የሚል ጥርጣሬ በረታ፣ እና 2016 መጀመሪያ ላይ የአሜሪካ መንግሥት የዓሣና ዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት የአውሮፕላኑ ነገር ይብቃ አለ። አሁን ጫጩቱ በተቻለ መጠን በራሱ በክሬን እንዲያድግ ነው የሚሞከረው። ገንዘቡና ድካሙ ከንቱ ነበር የሚሉ አሉ። እኔ አልልም፣ ምክንያቱን ልንገራችሁ።

እነዚህ ወፎች ሁሉም ቀለበትና ራዲዮ አላቸው፣ ማን ከማን ጋር እንደበረረ በየዓመቱ ይታወቃል። በዱር ወፍ ላይ እንዲህ ዓይነት መረጃ ማግኘት በጣም ከባድ ነው። ቶማስ ሙለር የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ ያንን የዓመታት መረጃ ይዘው 2013 ላይ አንድ ነገር አሳተሙ። አውሮፕላኑ ያሳያቸው የመጀመሪያውን ጉዞ ብቻ ነው፣ ከዛ በኋላ በቡድን በቡድን ራሳቸው ነው የሚሄዱት። የ7 ዓመት ወፍ ያለበት ቡድን የአንድ ዓመት ልጆች ብቻ ካሉበት ቡድን ይልቅ ከቀጥታው መስመር የሚወጣው በ38 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። የቡድኑ ብዛት ለውጥ አያመጣም፣ ዝምድናም አያመጣም፣ ለውጥ የሚያመጣው አንድ ልምድ ያለው ሽማግሌ ውስጡ መኖሩ ነው። አንድ ብቻ ይበቃል! በ2016 ደግሞ ክሌር ቴይትልባም ሌላ ጨመረች፣ ብርዱ ሲለዝብና እህሉ ቅርብ ሲገኝ ፍሎሪዳ ድረስ መውረድ ትተው መሀል መንገድ ላይ መክረም የጀመሩት ቀድመው ትልልቆቹ ናቸው፣ ልጆቹ ተከተሏቸው። ማለት ሽማግሌው መንገዱን የሚያስቀጥለውም የሚቀይረውም እሱ ነው።

ይሄ ሁሉ ሲገለበጥ ምን እንደሚመስል ማየት ለሚፈልግ የሳይቤሪያ ክሬን አለች። ህንድ ውስጥ ኬኦላዴኦ የሚባል ፓርክ በየዓመቱ ይመጡ የነበሩት እያነሱ እያነሱ 2002 ላይ የመጨረሻዎቹ ታዩ፣ ከዛ ወዲህ የለም። ፓርኩ አለ፣ ውሃው አለ፣ ሌሎቹን መርቶ የሚያመጣ ወፍ ነው የሌለው። ኢራን የሚሄደው ደግሞ አንድ ብቻውን ቀረ፣ ኦሚድ ይሉታል፣ ተስፋ ማለት ነው፣ ከ10 ዓመት በላይ ለብቻው ከሳይቤሪያ ካስፒያን ባሕር ዳር ይመላለስ ነበር። 2023 ላይ ከቤልጂየም ሴት አምጥተውለት አብረው ሲነሱ ታዩ። ራሺያም የአሜሪካንን ዓይነት የአውሮፕላን ሙከራ አድርጋለች፣ 2012 ላይ ፑቲን ራሱ ነጭ ልብስ ለብሶ በሞተር ግላይደር ክሬን ሲመራ በቲቪ ታይቷል፣ ስንቱ እንደሳቀ አትጠይቁኝ።

በሉ አሁን ወደ ሰፈራችን እንምጣ። የኛ ጣና የምትከርመው ግራጫዋ የተለመደችዋ ክሬን ናት፣ ቁጥሯም የሚያሰጋ አይደለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ከፊንላንድ፣ ከኢስቶኒያና ከራሺያ ጂፒኤስ የታሰረላቸው ኢትዮጵያ ድረስ መጥተዋል። እንዴት እንደሚያስሩት ብታዩ... ጫጩቷ መብረር ሳትጀምር ረግረግ ውስጥ ሮጠው ነው የሚይዟት፣ ትልልቅ ሰው፣ ዶክተር የሆነ ሰው፣ በቦት ጫማ እየተንቦጫረቀ! ከያዟት በኋላ ዓይኗን በጨርቅ ይሸፍኑታል፣ ስታይ ነው የምትደነግጠው፣ ቶሎ ቶሎ ለክተው፣ መዝነው፣ ከጉልበቷ በላይ ቀለበቱንና መሣሪያውን አስረው ይለቋታል። መሣሪያው በፀሐይ ነው የሚሠራው፣ ያለችበትን ይመዘግባል፣ የሞባይል ኔትወርክ እስኪያገኝ ያጠራቅማል፣ ሲያገኝ በአንዴ ይልካል። እና እዛ ቢሮ የተቀመጠው ሰውዬ ስንት ቀን ድምፅ ጠፍቶ በድንገት ከሱዳን ወይም ከኛ አገር የነጥብ መዓት ይዘንብለታል።

እኔ ለእንግዶቼ ሁሌ የማሳየው ነገር አለ፣ እናንተም ፎገራ ስትሄዱ ሞክሩት። ሩዝ የታጨደበት ማሳ ላይ ሺህ ወፍ ሲቆም አንድ መንጋ ይመስላችኋል። ቴሌስኮፑን አነጣጥሩና ጭንቅላት ጭንቅላታቸውን እዩ። ትልቋ አንገቷ ጥቁርና ነጭ፣ አናቷ ላይ ቀይ ጠብታ አላት። ልጇ ጭንቅላቷ ዝም ብሎ ቡናማ ነው። ቡናማ ራስ ባያችሁበት ሁሉ ግራና ቀኝ ሁለት ትልልቆች አሉ፣ እናትና አባት። መንጋ የሚመስለው ለካ ቤተሰብ በቤተሰብ የተከፋፈለ ነው። አባትየው ቀና ብሎ ዙሪያውን ያያል፣ እናትየው መሬቱን በአፏ ትቆፍራለች፣ ልጅቷ የተቆፈረበት ላይ ሄዳ ትለቅማለች። ድምፅም አዳምጡ። የትልቋ የአየር ቧንቧ ደረት አጥንቷ ውስጥ ገብቶ እንደ ጥሩንባ ስለሚጠመዘዝ ጩኸቷ ኪሎ ሜትሮች ይሰማል፣ የልጅቷ ግን ቀጭን "ፒርር ፒርር" ነው፣ ያንን ግዙፍ ሰውነት ይዛ የጫጩት ድምፅ። አየር ላይ ሲያልፉም ሁለቱ ድምፅ ተቀላቅሎ ይሰማል፣ ልጆቹ ወላጆቻቸው እንዳይጠፏቸው ነው። ጀንበር ስትጠልቅ ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ገብተው ቆመው ያድራሉ፣ አውሬ ቢመጣ ውሃው ይንቦጫረቃል።

ስለዚህ ጣና ላይ ውሃው ዳር ያለው ረግረግ ሲጠብ፣ ደንገል ሲታጨድ ሲታረስ፣ የሚጠፋው ማደሪያ ብቻ አይደለም። አንድ ልምድ ያለው ወፍ በኤሌክትሪክ ሽቦ ተመትቶ ሲወድቅ፣ ሽቦ ደግሞ በዓለም ላይ ክሬንን በብዛት ከሚገድሉት ነገሮች አንዱ ነው፣ በዛ ወፍ ስር የሚሄዱት ሁሉ መሪ ያጣሉ። ጣና በ2015 በዩኔስኮ ባዮስፌር ሪዘርቭ ሆኖ ተመዝግቧል፣ ጥሩ ነው፣ መሬት ላይ ያለው ሥራ ግን ከወረቀቱ ይበልጣል። አንድ ነገር ሳልናገር አልለፍ፣ ሁላችንም ስለ እንግዳው እናወራለን እንጂ የራሳችን ክሬኖች አሉ፣ አናቷ ላይ ወርቃማ ዘውድ ያላት ጥቁር ዘውዲቷ ክሬን እዚሁ ጣና አለች፣ ዋትልድ ክሬን ባሌና ሀዲያ ቦዮ ረግረግ ላይ አለች፣ እነሱ የትም አይሄዱም፣ ሁለቱም በዓለም ደረጃ ለአደጋ ተጋላጭ ከተባሉት ናቸው። ለነሱ ሌላ ቅዳሜ ያስፈልጋል።

ከዚህ በኋላ ጥያቄ ነበር፣ ሁለቱን ብቻ ልጻፍ።

አንድ አባት ተነስተው "ልጄ፣ አንተ ስለ ወፏ አወራህ፣ እኔ ሽንብራዬን እየበላችብኝ ልጆቼ ማማ ላይ ወንጭፍ ይዘው ይውላሉ፣ ለኔስ ምን ትለኛለህ?" አሉ። ሰው ሁሉ አጨበጨበላቸው፣ ልክ ናቸው።

እኔም አልኳቸው፣ አባቴ፣ አይጎዱም ብዬ አልዋሽዎትም። አብዛኛውን ጊዜ የሚለቅሙት ከታጨደ በኋላ የወደቀውን ቃርሚያ ነው፣ ግን ዘግይቶ የተዘራ ሽንብራ ገና ማሳ ላይ ካለ ይበሉታል። ይሄ ችግር የርስዎ ብቻ አይደለም፣ የኛዎቹ ክሬኖች መንገድ ላይ የሚያርፉበት እስራኤል ሁላ ሸለቆ የሚባል ቦታ አለ፣ ሃምሳዎቹ ውስጥ ረግረጉ ተንጣፎ እርሻ ሆነ፣ 1994 ላይ ከፊሉ መልሶ ውሃ ተሞላ፣ ክሬኖቹ መጡና የገበሬውን ኦቾሎኒ ማጥፋት ጀመሩ። እነሱ ምን አደረጉ፣ ገበሬውና መንግሥቱ ተባብረው አንድ ማሳ መርጠው በትራክተር በቆሎ ያፈሱላቸዋል፣ ከሌላው ማሳ ያባርሯቸዋል። ወፎቹ ወደዱት፣ ቱሪስቱም ወደደው፣ ድሮ ወደ አፍሪካ ይቀጥሉ ከነበሩት ብዙዎቹ እዛው መክረም ጀመሩ፣ በአስር ሺዎች። ልጆቻቸውም እዛ መክረምን ነው የሚማሩት። ግን ያን ያህል ወፍ አንድ ቦታ ሲታጨቅ 2021 መጨረሻ ላይ የወፍ ጉንፋን ገብቶ ከ5,000 በላይ ክሬን በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሞተ፣ ሬሳውን ከውሃው ውስጥ የሚሰበስቡት ሰዎች ከላይ እስከታች መከላከያ ለብሰው ነበር። ስለዚህ እኛም እንቀልብ የሚል ሰው ቢመጣ እኔ እቃወማለሁ። እዚህ የሚሻለው የርስዎና የጎረቤትዎ ሽንብራ ተቀራራቢ ጊዜ ተዘርቶ ተቀራራቢ ጊዜ ቢሰበሰብ ነው፣ ብቻውን ወደ ኋላ የቀረ ማሳ ነው የሚጠቃው፣ እና ወፉን ለማየት እንግዳ ይዞ የሚመጣ እንደኔ ያለ ሰው መኪናውን ያቆመበት መንደር ላይ የሆነ ነገር ትቶ ይሂድ። እኔ የምተወው ትንሽ ነው፣ እሱንም አልደብቅም። አባትየው "እሱንም አየነው" ብለው ተቀመጡ፣ ተሳቀ።

አንዲት ተማሪ ደግሞ "ጋሼ፣ ቀለበት ያላት ክሬን ባይ ምን ላድርግ?" አለች። ምርጥ ጥያቄ። ቀለበቱ የተለያየ ቀለም ነው፣ ከጉልበት በላይ ሁለቱም እግር ላይ ይሆናል፣ አንደኛው እግር የታሰረበትን አገር ሌላኛው ወፏን ነው የሚናገረው። ስለዚህ ግራና ቀኙን እንዳታቀያይሪው፣ የወፏ ግራ እንጂ ያንቺ ግራ አይደለም። ከላይ ወደ ታች በቅደም ተከተል ጻፊ፣ ቀይ ነጭ ሰማያዊ እያልሽ፣ ቀኑንና ቦታውን ጨምሪ፣ ስንት ሆነው እንደነበሩ፣ ቡናማ ራስ ያለው ልጅ አብሯት እንዳለ። ስልክሽን ቴሌስኮፑ ላይ ደግነሽ ፎቶ ካነሳሽማ በጣም ጥሩ። ለመቅረብ ብለሽ ግን አታስነሺያት፣ ተቀምጠሽ ጠብቂ፣ እየለቀመች ራሷ ትዞርልሻለች። ከዛ ለኔ ላኪልኝና ለሚመለከታቸው አደርሳለሁ፣ የት እንደተፈለፈለች፣ መቼ እንደታሰረች፣ ከዚህ በፊት ማን የት እንዳያት መልስ ይመጣልሻል።